የአንድ ጉዞ ገንዘብ፦ የርቀት ሕክምናን ለተቃወመው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ለእኔም ከሦስት ሰው የደረሰኝ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ሐኪም ናቸው። በመንግሥት ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት እንዳገለገሉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖሩ፣ የጤና መድኅን የሌላቸው ሰዎች በስልክና በኢንተርኔት ከስፔሻሊስት ጋር ይገናኙ የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው ይቃወማሉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁጭታቸው ከልብ ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን ልክ አይመስለኝም። እኔ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። በየቀኑ የማየው ነገር ዝም እንድል አላደረገኝም።

ጸሐፊው የሚሉትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሐኪም ሳይዳስስና ሳያዳምጥ መመርመር አይችልም፤ ስለዚህ በስልክ የሚሰጥ ሕክምና ለድሃ የተተወ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ነው ይላሉ። መድኅን የሌለው ሰው ችግሩ ገንዘብ እንጂ ርቀት አይደለም፤ መፍትሔውም መድኅኑን ማዳረስ ነው ይላሉ። የከተማው ዳርቻ ጋምቤላ ወይም አፋር ስላልሆነ ታክሲ ይዞ መምጣት ይቻላል ይላሉ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ አዛውንቶች ስማርት ስልክ በሌላቸው ሰፈር ነገሩ እንደማይሠራ፣ ከዓመታት በፊትም ተሞክሮ እንደቀረ ያስታውሳሉ። ስፔሻሊስቶቻችን ጥቂት ስለሆኑ ለስልክ የሚሰጡት ሰዓት ወረፋ ላይ ካለው በሽተኛ የተቀማ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ስሕተት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል፣ የታካሚውስ ምስጢር ማን ይጠብቀዋል ብለው ይጠይቃሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ማጥራት አለብኝ። ጸሐፊው በዐይነ ኅሊናቸው ያዩት አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ቤታቸው ተቀምጠው ከማያውቁት ሐኪም ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ነው። ጉዳዩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያቸው እቃወም ነበር። እኔ የምለው የርቀት ምክክር ግን ሌላ ነው። ታካሚዋ ጤና ጣቢያ፣ እኔ ፊት ተቀምጣለች። ግፊቷን ለክቻለሁ፣ ደረቷን አዳምጫለሁ፣ ሆዷን ዳስሻለሁ። ከእኔ ዕውቀት በላይ የሆነውን ነገር ደግሞ ከተማ መሃል ላለ ስፔሻሊስት ጽፌ ወይም ደውዬ እጠይቃለሁ። የሚማከሩት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ወደ መዳሰሱ ጉዳይ ልምጣ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ብሎኬት የሚሸከም አንድ ወጣት ክንዱና ጀርባው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ይዞ መጣ። የቋቁቻ ቅባት ከፋርማሲ እየገዛ ለወራት ተቀብቷል። እኔም ሳየው ቋቁቻ መሰለኝ፤ ግን በዚያ ሁሉ ቅባት አለመጥፋቱ ከነከነኝ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ፊቱ ሳይታይ ምልክቱን ብቻ ፎቶ አንሥቼ ለማውቀው የቆዳ ስፔሻሊስት ላክሁ። እሱም መድኃኒት አላዘዘልኝም። «ዐይኑን አስጨፍነህ በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው፤ በተሰማው ቁጥር ቦታውን በጣቱ ያሳይህ» አለኝ። ጥጡን ጠቅልዬ አሾልኩት። ደህናውን ቆዳ ስነካው ልጁ ወዲያው በጣቱ ይጠቁማል። ምልክቱ መሃል ላይ ስነካው ዝም አለ። ደግሜ ነካሁት። «ዶክተር፣ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ ዐይኑን እንደጨፈነ።

ሥጋ ደዌ ነበር። አለርት ሄዶ ተረጋገጠለት፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ በመሆኑም መድኅን የሌለው መሆኑ አላገደውም። ጣቶቹ ሳይጎዱ ደረስንለት። የዳሰሰው የእኔ እጅ ነው፤ ምን መዳሰስ እንዳለበት ያወቀው ስፔሻሊስቱ ነው። ስፔሻሊስቱን ባልጠይቀው ኖሮ ልጁ አራተኛውን ቅባት ይዞ ወደ ብሎኬቱ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ነው ለሚለውም የተለካ ነገር አለ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 «ፕሮጀክት ኤኮ» የሚባል ሥራ ጀመሩ። ሄፓታይተስ ሲ የያዘው የገጠር በሽተኛ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድረስ ከሚመጣ፣ የአካባቢው ሐኪምና ነርስ በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶቹ ጋር እየተማከሩ እዚያው ያክሙት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት 407 ታካሚዎችን አነጻጸረ። ስፔሻሊስቶቹ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካከሟቸው 57.5 በመቶው፣ በምክክር በገጠር ክሊኒክና በእስር ቤት ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶው ከቫይረሱ ነፃ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ያውም ያኔ የነበረው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት በመርፌ የሚሰጥ፣ ጣጣው የበዛና የቅርብ ክትትል የሚጠይቅ ነበር።

በዚህ ነጥብ ጸሐፊውን የምደግፍበት ቦታም አለ። የጡት እብጠት፣ ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ የደረት ውጋት የስልክ ጉዳይ አይደሉም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መኪና ፈልጎ መላክ ነው።

ችግሩ ገንዘብ እንጂ ርቀት አይደለም የሚለውና ዳርቻው ሩቅ አይደለም የሚለው ለእኔ አንድ ጥያቄ ናቸው። የጽሑፉ ትልቁ ስሕተትም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አደባባዩ አጠገብ ጎመንና ቆስጣ የሚሸጡ፣ ሃምሳውን ያለፉ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ዓመት ክብደታቸው ቀንሶ፣ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ይመታል፣ አንገታቸው ላይም እንቅርት ወጥቷል። የታይሮይድ ችግር መሆኑን ጠረጠርኩ። ሪፈር ጻፍኩላቸው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ሁላችንም የምንጽፈውን ነው፤ «ለተሻለ ምርመራና ሕክምና»።

መጀመሪያ የሄዱ ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተው፣ ታክሲ ከታክሲ ቀያይረው ሆስፒታሉ ሲደርሱ የቀኑ ካርድ አልቋል ተባሉ። በሁለተኛው ጉዞ ሐኪም አገኙ። ሐኪሙ የታይሮይድ የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ አሠርተው እንዲመጡ ነገራቸው። በኪሳቸው የነበረው የመመለሻ ታክሲ ብቻ ነበር። ለምርመራው ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ሳምንታት አለፉ። ውጤቱን ይዘው በሦስተኛው ሲሄዱ ደግሞ ስፔሻሊስቱ የሚገኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ ያም ቀን ትናንት ነበር ተባሉ። የታከሙት በአራተኛው ነው። በሄዱባቸው ቀናት ሁሉ ከዋዜማው የተረከቡት ጎመን ጆንያ ውስጥ ጠውልጓል፤ ዋጋውን ለአከፋፋዩ ከፍለዋል።

ሆስፒታሉን እየወቀስኩ አይደለም፤ ያለበትን ጫና አውቃለሁ። እኚህ እናት ከዚያ በኋላ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ምን ይዤ እንደምሄድ ብትነግረኝ ኖሮ ይዤ እሄድ ነበር እኮ።»

ምን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው እኔም አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ የምጠይቅበት መንገድ ግን አልነበረኝም። አሥር ደቂቃ ብናወራ ስፔሻሊስቱ ይህን ይህን የደም ምርመራ አሠራላቸው፣ አልትራሳውንድ ይያዙ፣ በዚህ ቀን ይምጡ፣ እስከዚያው አስም ከሌለባቸው ለልብ ምታቸው ፕሮፕራኖሎል ጀምርላቸው ይለኝ ነበር። አራቱ ጉዞ አንድ ይሆን ነበር። ጸሐፊው ገንዘብና ርቀትን ለያይተው ያዩአቸዋል። መድኅን ለሌለው ሰው ግን ርቀት የሚከፈለው በገንዘብ ነው። ታክሲው ገንዘብ ነው፣ ያልዋለበት ገበያ ገንዘብ ነው፣ በሌላ ወረቀት ተጽፎ እንደገና የሚሠራው ምርመራም ገንዘብ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከጥቁር አንበሳ የሚርቀው በኪሎ ሜትር ብቻ ተለክቶ አይታወቅም። አብዛኛው መድኅን የሌለው ታካሚዬ በእጁ ያለው የአንድ ጉዞ ገንዘብ ነው። ያ ጉዞ ከባከነ ሁለተኛውን አይሄድም፤ ጠበል ይሄዳል፣ ወይም ቤቱ ይተኛል።

መድኅን በሌለው ሰው ላይ ይህን በሰፊው ያየው የሎስ አንጀለስ አውራጃ የሕዝብ ጤና ሥርዓት ነው። ብዙ መድኅን የሌላቸው ሰዎች የሚታከሙት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ታካሚ ከመላካቸው በፊት ለስፔሻሊስቱ በጽሑፍ እንዲያማክሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከጥያቄዎቹ ሩብ ያህሉ ታካሚው ስፔሻሊስት ዘንድ መሄድ ሳያስፈልገው እልባት አግኝተዋል፤ የስፔሻሊስቶቹ መልስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ይደርስ ነበር።

መድኅኑን ማዳረስ ነው ለሚሉት፣ አዎ፣ ይዳረስ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ተመዝገቡ የምለው እኔ ነኝ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ስንት ቤት ከዕዳ እንዳዳነ አውቃለሁ። ግን እኔ ጋ የሚመጡት ያልተመዘገቡት እነማን ናቸው? ጎመን ሻጯ እናት ተከራይ ናቸው። ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው ደግሞ አከራያቸው በቤቱ ቁጥር እንዲያስመዘግቧቸው ይፈለጋል፤ አከራዩ እሺ አላሉም። ብሎኬት ተሸካሚው ልጅ በአባቱ ስም የቤተሰብ መድኅን አለው፤ ደብተሩ ያለው ግን ተወልዶ ባደገበት ወረዳ ነው፣ የሚያገለግለውም እዚያው ብቻ ስለሆነ እዚህ መድኅን እንደሌለው ነው። ሌሎች ደግሞ የምዝገባው ወቅት አልፎባቸዋል። እነዚህን ሰዎች መድኅኑ እስኪደርሳችሁ ጠብቁ ማለት አልችልም። መድኅን ያለውም ሰው ቢሆን ያንኑ ሰልፍ ነው የሚሰለፈው፤ ደብተሩ የካርድ ገንዘብ ይከፍልለታል እንጂ የጠፋበትን ቀን አይመልስለትም።

ምክክር መድኃኒት እንደማይገዛ አልክድም። በደቂቃ ከስልክ ሂሳብ እየተቆረጠ በሚከፈልበት አገልግሎት ላይ ጸሐፊው የሰነዘሩት ወቀሳም ተገቢ ነው፤ ያ ለእኔ ታካሚዎች አይሆንም። የምክክሩ ዋጋ ጤና ጣቢያው ከሚያስከፍለው የካርድ ገንዘብ ማለፍ የለበትም።

የመብራቱና የኔትወርኩ ነገር ብዙ አያከራክርም። መብራት ይጠፋል፣ እውነት ነው። እኔ የምለው ምክክር ግን የግድ ቪዲዮ አይፈልግም። አንድ አንቀጽ ጽሑፍ፣ ሁለት ፎቶ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይሄዳል፣ መልሱ ነገ ቢደርስም ከሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይቀድማል። አዛውንቷም ስማርት ስልክ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያው ነው፣ ለእሱም አንድ ይበቃዋል።

ተሞክሮ ቀርቷል ሲሉ ያነሡት እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳንና ነቀምቴ ሆስፒታልን ሃይደራባድ ካለ የህንድ ሆስፒታል ጋር ያገናኘውን ሥራ ነው። ያ ለጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ሆስፒታልን ከባሕር ማዶ ሆስፒታል ጋር ያገናኘ ነበር እንጂ ጤና ጣቢያን ከጎረቤቱ ሆስፒታል ጋር አልነበረም። እኔ የምጠይቀው ስፔሻሊስት በእኛ መድኃኒት ቤት የትኛው መድኃኒት እንዳለና የትኛው ከጠፋ እንደቆየ ያውቃል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይረዳኛል፤ ታካሚው መምጣት ካለበት የሚቀበለውም እሱ ነው። ህንዶቹ ራሳቸው ዛሬ የሚጠቀሙበትን ማየትም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመሩት «ኢ-ሳንጂቫኒ» በሚባለው አገልግሎታቸው የገጠር ጤና ጣቢያ ባለሙያ ታካሚውን አጠገቡ አስቀምጦ ከሐኪም ጋር ይማከራል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 አገልግሎቱ የሰጠው ምክክር ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው።

ስፔሻሊስቶቻችን ጥቂት ናቸው የሚለው የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። እውነት ነው፣ ጥቂት ናቸው፣ ደክመዋልም። ግን ዛሬ ሰዓታቸው በምን እየጠፋ እንደሆነ እንመልከት። የእኔ ታካሚ ለሁለተኛ ጊዜ የሄዱ ቀን ከሐኪሙ የወሰዱት ጊዜ ምርመራ አሠርተው ይምጡ ለመባል ብቻ ነበር። እኔ በአምስት ደቂቃ ምክክር እዚሁ ልጨርሰው የምችለው የቆዳ በሽታ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ከሪፈር ወረቀት ጋር ተሰልፏል። «ለተሻለ ምርመራና ሕክምና» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ስፔሻሊስቱ ከሀ ይጀምረዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለሙያው ይማራል። ከዚያ ልጅ በኋላ ነጣ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ሲመጣ ጥጥ ሳላነሣ ቅባት አልጽፍም፤ ያንን ጥያቄም ዳግመኛ ለማንም አልላክሁም።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑት ምክክሩ በውለታ ከቀጠለ ነው። አሁን የምንሠራው በትውውቅ ነው። አብሮ የተማረ፣ ተለማማጅ ሳለሁ ያስተማረኝ፣ ማታ ከሥራ ወጥቶ እራቱን እየበላ የሚመልስልኝ ሰው ነው። ይህ አይዘልቅም። ሰው ይሰለቻል፣ መሰልቸቱም አይፈረድበትም። ትውውቅ የሌለው የጤና ባለሙያ ታካሚስ ምን ይሁን? ሆስፒታሉ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለምክክር ቢመድብ፣ ሰዓቱም እንደ መደበኛ የተመላላሽ ሕክምና ሥራ ተቆጥሮ ቢከፈልበት ነው የምለው። ያ ካልሆነ የጸሐፊው ስጋት ይደርሳል፤ በዚህ አልከራከርም።

ስለ ምስጢርና ተጠያቂነት ከጻፉት አብዛኛውን እቀበላለሁ። የታካሚ ፎቶ በግል ቴሌግራም መላላክ ልክ አይደለም። እኔም ፊቱን ባልልክ፣ ስሙን ባልጽፍ እንኳ ያደረግሁት ይኸው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ መረጃ መሆኑ በሕግ ተቀምጧል። ግን ቴሌግራሙን ያመጣው ደንብ ያለው መንገድ አለመኖሩ ነው። ምክክር ይቅር ቢባል ፎቶዎቹ አይቆሙም፤ ተደብቀው ይቀጥላሉ። ጤና ጣቢያው የራሱ ስልክና የራሱ አካውንት ይኑረው፣ ታካሚው ይፈቅድ እንደሆነ ይጠየቅና ይጻፍ፣ ምክሩን የሰጠው ስፔሻሊስት ስምና ያለው ነገር በዚያው ቀን ካርዱ ላይ ይስፈር። ለምክሩ የሚጠየቀው ስፔሻሊስቱ፣ ለተደረገው ምርመራ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አሁን ባለው የወረቀት ሪፈር ማን ምን እንዳለ አላውቅም። የላክሁት ሰው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ የግብረ መልስ ወረቀት ከስንት አንዴ ነው የሚመለስልኝ። ጎመን ሻጯ እናት የት እንደደረሱ ያወቅሁት ራሳቸው መጥተው ስለነገሩኝ ነው።

እኚህ እናት አሁን ደህና ናቸው፤ እጃቸውም አይንቀጠቀጥም። መድኃኒቱን ጀምረዋል። በየስድስት ሳምንቱ ደማቸው ይመረመራል፤ ውጤቱን ያየው ሐኪም የኪኒኑን ቁጥር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ደሙን የሚሰጡት እዚሁ ሰፈር ካለ ላቦራቶሪ ነው። ውጤቱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት፣ ላይዋ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ባለፈው ሳምንት ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልለው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ «ይህችን ለማሳየት ብቻ ነው እንደገና ሌሊት የምነሣው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነው።